የሉባባ እንግዶች

ሚስቱን ከቤት እንዳትወጣ የሚጠብቅ ባል ስታዩ ቀናተኛ ነው ብላችሁ አትፍረዱበት። እኔ ይህ ስም የወጣልኝ ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። የከሚሴ ሰው ክፉ አይደለም፤ ጨዋታ ስለሚወድ ብቻ ያገኘውን ሳይጫወትበት አያልፍም። ጊዜው የደርግ ነው። ከአስፋልቱ ዳር ባለችው ቤቴ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ተክዬ የሰው ሱሪ ሳሳጥርና ሳስረዝም እውላለሁ። እግሬ ፔዳሉ ላይ፣ ዓይኔ በሩ ላይ ነው። ዓይኔ በሩ ላይ ስለሆነም የአንዱን እህል ነጋዴ የኮት ኪስ አፉን ሰፍቼ ዘግቼ አስረክቤዋለሁ። ሰውየው እጁን ኪሱ ሊከት ሲታገል ያዩት ሁሉ፣ «ሽማግሌው ሚስቱን ማን እንዳይነጥቀው ነው እንዲህ ልቡ የጠፋው?» እያሉ ሳቁብኝ።

ሉባባን ከእኔ ሊነጥቃት የመጣው መርሳት ነው። መጀመሪያ የወጡን ጨው ረሳች፤ ጨውማ ማን የማይረሳ አለ አልኩ። ቀጥላ ወጡን እሳት ላይ ረሳችው፤ ወጡ አርሮ ጎረቤቱ ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ወጣ። ከዚያ ደሴና አሰብ የገቡ ልጆቻችንን ስም አቀያየረች። ጤና ጣቢያ ብወስዳት መርፌ የሚወጋው ድሬሰር ዓይኗንም ምላሷንም አይቶ፣ «አባባ፣ ይሄ የእድሜ ነው፣ መርፌ የለውም። ብቻ ብቻዋን እንዳትወጣ ይጠብቋት» አለኝ። አፉን ሞልቶ «ይጠብቋት» ሲል፣ እሱ ራሱ ሉባባን አንድ ከሰዓት ጠብቆ ባየው ብዬ ተመኘሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፀሐይ ዘንበል ስትል ሉባባ የወተት ቅሏን ከተሰቀለበት ታወርድና፣ «ላሞቹ ሳይታለቡ መሸ» ብላ ትነሳለች። የምን ላም? እኛ ቤት ከብት ተብሎ የሚቆጠረው አንድ ዶሮ ነው። ላሞቹ የአባቷ ናቸው፤ ጨፋ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር፣ ልጅ ሳለች ታልባቸው የነበሩት። አባቷም ላሞቹም ከሞቱ ዘመን አልፏል። ይህን ብነግራት ደግሞ አባቷ ገና አሁን እንደሞተ ታለቅሳለች። አንድ ቀን ነግሬያት ሐዘን ተቀምጠን ዋልን፤ በማግስቱ ቅሏን አንስታ ተነሳች። ከዚያ ወዲህ አባቷን ገድዬባት አላውቅም።

ብትወጣ ምን አለ ትሉ ይሆናል። ከደጃችን አስፋልቱ ነው፤ ከአሰብ ጭነው የሚመጡት ተሳቢ መኪናዎች ቁልቁለት እንዳገኘ ውሃ ይምዘገዘጋሉ። አስፋልቱን ካለፈች ወንዙ አለ። ሁለቱንም ካለፈች ደግሞ ሰዓት እላፊው አለ። የዚያን ጊዜ ጠባቂዎች «ቁም» የሚሉት አንድ ጊዜ ነው። ሉባባ ደግሞ ትቆምና ለምን እንደቆመች ስትረሳ መንገዷን ትቀጥላለች። እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነበር።

ታዲያ ዘዴ መፍጠር ጀመርኩ። ዘዴ ላይ እኔን የሚያህል ሰው የለም፤ የሚሠራ ዘዴ ላይ ነው የሚቸግረኝ። መጀመሪያ ጫማዋን ደበቅኩ። የኔን አደረገችና ወጣች። ሁለት ጥንድ ኮንጎ ጫማ ባለበት ቤት አንዱን ብቻ የሚደብቅ ሰው ምን ይባላል? ያን ቀን በጋለ አስፋልት ላይ በባዶ እግሬ እየዘለልኩ ስከተላት ያዩኝ፣ ሽማግሌው ዘፈን አማረው አሉ።

ቀጥዬ ጓጉንቸር ገዛሁ። በሩን ከውስጥ ቆልፌ፣ ቁልፉን እሷ በምንም ተዓምር የማታገኝበት ቦታ አኖርኩት። እሷ አላገኘችውም። እኔም አላገኘሁትም። መደቡን፣ ጣሪያውን፣ የዱቄት እቃውን ገለበጥኩ። ጎረቤታችን ወርቄ በመስኮት ውሃና ቂጣ እያቀበለችን፣ «ጋሼ፣ ከሁለታችሁ የሚረሳው ማንኛችሁ ነው?» አለችኝ። በማግስቱ አንድ ደንበኛዬ እያነከሰ መጥቶ በመስኮቱ ቆመ። «የሰፉልኝ ሱሪ ቁርጭምጭሚቴን ይመታኛል» አለ። ለካ ቁልፉን ያኖርኩት እጄ ላይ የነበረው ሱሪ እጥፋት ውስጥ ሰፍቼ ነው፤ ሱሪውን ደግሞ ቁልፉን እየፈለግሁ በመስኮት ያስረከብኩት ራሴው ነኝ። ሉባባ በሳቅ ወደቀች። እንዲያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ስለነበር እኔም ጓጉንቸሩን ይቅር አልኩት።

የመጨረሻው ዘዴ የምኮራበት ነበር። ቀሚሷን ወስጄ ከታች እጥፋቱ ላይ ትንሽ የፍየል ቃጭል ሰፋሁበት። ስትንቀሳቀስ ቅልጭልጭ ትላለች፤ እኔ አንገቴን ሳላቀና የት እንዳለች አውቃለሁ። ጥቂት ቀን ያለ ችግር ሄደ። አንድ የገበያ ቀን ቃጭሉን ከውጭ፣ ከገበያው በኩል ሰማሁት። መቀሴን ጥዬ ሮጥኩ። በሰዉ መሐል፣ በበርበሬውና በሽንኩርቱ መሐል ቅልጭ ቅልጭ እያለ ይርቃል፤ እከተላለሁ። ደረስኩና ትከሻዋን ይዤ፣ «ነይ፣ ላሞቹን እኔ አልቤያቸዋለሁ» አልኳት። ዞር ስትል ፈጽሞ የማላውቃት ሴት ናት። ለካ ሴትዮዋ በአጥራችን በኩል ስታልፍ ሉባባ «የለበሽው አልቋል፣ እንኪ» ብላ ቀሚሷን ሰደቃ ሰጥታታለች። ገበያው ከበበኝ። የማላውቃትን ሴት ትከሻ ይዤ፣ ስለማላውቃቸው ላሞች እያወራሁ፣ ቀሚሱ የሚስቴ ነው ብዬ ስምል ማን ያምነኛል? ሴትዮዋ ራሷ አዝናልኝ፣ «ተውት፣ እብድ ነው» ብላ አስለቀቀችኝ።

እኔ ቃጭል ስከተል ሉባባ በሌላው አቅጣጫ ሄዳ ነበር። አስፋልቱ መሐል ቆማ አንድ ተሳቢ ፍሬን ይዞ ከፊቷ ሲደርስ፣ በዕድል ወንድሟ ይማም ከጨፋ ሮቢት በጋሪ ሲመጣ ደረሰ። እጇን ይዞ ቤት ሲያስገባት ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ይማም ክፉ ሰው አይደለም፤ እህቱን ይወዳታል። ከጋሪው አዲስ የጥጃ ገመድ አመጣና ግድግዳዬ ላይ ካለው ችካል ሰቀለው።

«ወላሂ፣ ሁለተኛ ከዚህ በር ብቻዋን ከወጣች በዚህ አስሬ ጨፋ እወስዳታለሁ» አለኝ። «መኪና ከሚበላት ታስራ ትኑርልኝ።»

«ሰው እንደ ጥጃ ይታሰራል ወይ?» አልኩት።

«አንተ የተሻለ ካለህ አሳየኛ። በየገበያው ቀን መጥቼ አያለሁ።»

የተሻለ አልነበረኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ገመድ እያየሁ እሰፋለሁ፣ እያየሁት እበላለሁ። ሉባባ ግን ወዳዋለች፤ ምን ያለ ጥሩ ገመድ ነው እያለች አቧራውን ትጠርጋለች።

መፍትሔው የመጣው በወንፊት ነው። አንድ ከሰዓት ሉባባ ቅሏን ይዛ በሩ ጋ ደርሳለች፤ እኔ መርፌ ውስጥ ክር ሳስገባ አምልጣኛለች። በዚያው ቅጽበት ወርቄ የተዋሰችውን ወንፊት ልትመልስ ብቅ አለች። ሉባባ ቅሉን ቁጭ አደረገች። «ኖር፣ ኖር፣ በጋ ነጋን ዱፍተን» አለች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ ማለቷ ነው፤ እንግዳ ስታይ ኦሮምኛዋ ቀድሞ ይወጣል። ወርቄን አጎዛ አንጥፋ መደብ ላይ አስቀመጠቻት፤ አብሽ ቀዳችላት፤ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብላ ጤናዋን፣ የልጆቿን ጤና፣ የዝናቡን ነገር ጠየቀቻት። ላም የለ፣ መሸ የለ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

እኛ አገር እንግዳ ቁጭ ብሎ ባለቤት አይወጣም። ቤት ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ እንግዳው ነው የሚወጣው። ሉባባ የልጆቿን ስም ረስታ ይህን አልረሳችውም።

ደስታዬ ግን ወርቄ ልትሄድ እስክትነሳ ድረስ ብቻ ነበር። እኛ አገር እንግዳ ከበር አይሸኝም። እስከ አጥሩ፣ ከአጥሩ እስከ መንገዱ፣ ከመንገዱ «እስከዚያች ግራር ብቻ» እየተባለ ነው። ሉባባ ወርቄን ሸኘቻት። የወርቄ ቤት ከኛ አጥር ቀጥሎ ነው፤ ወርቄ ቤቷ ገባች፣ ሉባባ ግን መሸኘቷን ቀጠለች። ማንን እንደምትሸኝ አላህ ይወቅ። አስፋልቱ ጫፍ ላይ ነው ክንዷን የያዝኳት።

ወርቄ ተመልሳ መጥታ ትንፋሿን ዋጥ እያደረገች፣ «ጋሼ፣ ገባኝ» አለች። «አንዱ እንግዳ ሳይሄድ ሌላው መግባት አለበት።»

የዘብ ቅያሪ የሚባለውን ነገር ታውቁት የለ? እንደዚያ ሆነ። ጠዋት ወርቄ ትገባለች። እሷ ከመነሳቷ በፊት የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሚስት ትደርሳለች። ከዙሁር፣ ከቀትሩ ስግደት በኋላ የመስጊዱ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ሰፈሩ ሁሉ ሉባባን ስለሚወዳት ማንም እምቢ አላለኝም። በረመዳን የምታበላው ሰው ማጣቷ እንዳያስቀይማት ክርስቲያኖቹ ተራውን ያዙ፤ በሁዳዴ ደግሞ እርጎዋን የሚጠጡላት እኛ እስላሞቹ ሆንን። ይማምም በየገበያው ቀን ጭንቅላቱን ብቅ ያደርጋል፤ እህቱ ከእንግዳ ጋር ስትጫወት ያያል፤ ገመዱን ቀና ብሎ አይቶ ይሄዳል። አውርዶ ግን አልወሰደውም።

ችግሩ ሉባባ እንግዳ ማብላቷን መርሳቷ ነው። ቂጣ ታቀርባለች፣ «በሞቴ» ትላለች፣ ይበላል። ጥቂት ቆይታ እንግዳውን በሐዘን ታየዋለች። «ውይ አፈር ስሆን፣ ይህን ሁሉ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ» ብላ ትነሳለች። በላሁ ማለት አያዋጣም፤ ይሉኝታ ይዞት ነው ትላለች። ወርቄ የጠበባትን ቀሚስ ለማስፋት ወደ እኔ መጣች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በበረንዳዬ ሲያልፍ ሆዱን ይዞ፣ «ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ የዛሬውን ተራ ለጠላቴ ስጥልኝ» አለኝ። የሚበላው ሲያልቅብኝ እንግዶቹ ራሳቸው ቂጣና ንፍሮ በጓሮ በር ለእኔ እያቀበሉኝ፣ ዞረው በፊት በር ገብተው ያንኑ በ«በሞቴ» ይበላሉ።

እንግዲህ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቤት ምን እንደሚመስል አስቡት። ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ይገባል፣ አንዱ ሳይወጣ ሌላው ይተካል፣ በጓሮ በር በጨርቅ የተሸፈነ ነገር ይገባል። አንድ ከሰዓት የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ አስከትሎ ደረሰ። እጄ ላይ የነበረው እጅጌ ወደቀ።

«ጓዶች» አለ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ይህ ስብሰባ በማን ፈቃድ ነው?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ስብሰባ አይደለም፣ እንግዶች ነን» አለ አንደኛው።

«አጀንዳችሁ ምንድን ነው?»

«ቂጣ» አለ ሽማግሌው፣ የምሩን።

«ባስቸኳይ ተበተኑ» አለ ሊቀመንበሩ። እንዲህ በደስታ የተፈጸመ ትእዛዝ አብዮቱ አይቶ አያውቅም። ያ ሆዱን ያመመው ሽማግሌ ጫማውን በእጁ ይዞ ነው የወጣው። ሉባባ ልትሸኛቸው ብድግ አለች፤ የገበያ ቀን ነበር፣ ይማምም የሚመጣበት ሰዓት ደርሷል። ግን በሩ ላይ አዲስ እንግዳ፣ ሊቀመንበሩ ራሱ፣ ቆሟል።

«ኖር፣ ግቡ እንጂ፣ ታኣ፣ ተቀመጡ» አለችው። እንግዳ ሲገባ ዱላውን ተቀብለው ይሰቅሉለታል፤ ወጉ ነው። ሉባባ ወደ ጥበቃው ዞረችና፣ «ዱላህን ልቀበልህ ልጄ» ብላ ጠመንጃውን ከእጁ ወሰደችና ችካሉ ላይ፣ ከገመዱ አጠገብ ሰቀለችው። ልጁ እናቱ የወሰደችበት ይመስል እጁን አጣምሮ ቆመ። ሊቀመንበሩም አፉን ከፍቶ ነበር፤ ሉባባ የተከፈተ አፍ ስታይ ታጎርሳለች። አጎረሰችው።

እያላመጠ ችካሉን ተመለከተ። «ያ ገመድ ምንድን ነው?» አለኝ።

እኔም ሁሉንም ነገርኩት፤ ላሞቹን፣ አስፋልቱን፣ ቃጭሉን፣ ይማምን። «አሁን እርስዎ ከተነሱ ልትሸኝዎት ትወጣለች። ከወጣች ትታሰራለች» አልኩት።

ሰውየው ገመዱን አየ፣ ሉባባን አየ። ሰፈሩን ሁሉ የሚያንቀጠቅጠው ሰው ካፖርቱን አወለቀና ተደላድሎ ተቀመጠ። «እንዲያ ከሆነ ጥቂት አብሽ ልጨምር» አለ።

ተቀምጦ ቀረ። ማህተሙ ኪሱ ነው፤ ማህተም የፈለገ ሰው ቢሮ አጥቶት ሲያጠያይቅ እኛ ቤት መጣ። የመጣው ሁሉ እንግዳ ነው፣ ሁሉም ይጎርሳል። ይማም ሲደርስ ቤቱ ሙሉ፣ እህቱ በሰዎቹ መሐል ወዲያ ወዲህ ስትል አገኛት። ከዚያ በኋላ ሊቀመንበሩ የነዋሪውን ተራ ጥበቃ ሲመድብ፣ ቀን ቀን አንድ ሰው የሉባባን ቤት እንዲጠብቅ ጨመረበት። ጥበቃው ይዞ እንዲመጣ የሚጠበቅበት መሣሪያ ባዶ ሆድ ብቻ ነበር። ዘመኑን ሰው በብዙ ነገር ያማዋል፤ እኔ ግን ያንን ሰው አላማውም።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። አንድ የገበያ ቀን ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ እንደ ጉድ ወረደ። ቦርከና ሞላ፣ መንገዱ ጭቃ ሆነ፣ ተረኛውም ከቤቱ መውጣት አቃተው። ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ፀሐይ ባትታይም ሉባባ ሰዓቱን አወቀችው። ቅሏን አነሳች። ቀድሜያት በሩ ላይ ቆምኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። በጨዋ ደንብ፣ ሰው እንዳታስቀይም ተጠንቅቃ፣ «ያሳልፉኝ አባባ፣ ላሞቹ ይጠብቁኛል። እርስዎ ማን ነዎት?» አለችኝ።

ያን ቀን ይመጣል ብዬ ጠብቄው ነበር፤ ሲመጣ ግን ዝግጁ አልነበርኩም። አብረን ያረጀን ሰዎች ነን። ስሜን ብነግራት የማታውቀው ሰው ስም ነው። ዓይኔ ገመዱ ላይ አረፈ። የማደርገው ጠፍቶኝ ወጣሁ፣ በሩን ከኋላዬ ዘጋሁ፣ ከዝናቡ ስር ቆምኩ። በገዛ ቤቴ ደጃፍ። ከዚያ አንኳኳሁ።

«አሰላሙ አለይኩም። የአላህ እንግዳ ነኝ፣ ዝናብ ያዘኝ።»

ቀጥሎ ቅሉ መሬት ላይ ሲቀመጥ ሰማሁት።

«ወአለይኩም ሰላም፣ ኖር፣ ግቡ፣ ግቡ እንጂ» አለች በሩን እየከፈተች። እርጥብ ጋቢዬን ከትከሻዬ ወሰደች። መደቡ ላይ፣ ባለ አጎዛው ቦታ አስቀመጠችኝ። በገዛ ቤቴ እዚያ ቦታ ላይ ተቀምጬ አላውቅም፤ ሁልጊዜ የእንግዳ ነበር፣ ለካ እንዲህ ይመቻል። ቂጣ አቀረበችልኝ፤ ፊት ለፊቴ ቁጭ አለች።

«ባለቤቴ አሁን ይመጣል» አለችኝ። «ልብስ ሰፊ ነው። ደግ ሰው ነው፣ ብቻ ይረሳል። የቤታችንን ቁልፍ የሰው ሱሪ ውስጥ ሰፍቶት እኮ ያውቃል።» ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ፣ እንባዬንም በሳቁ ሰበብ ጠረግሁ። «እሱ እስኪመጣ ግን አይሄዱብኝም» አለች።

«አልሄድም» አልኳት። ቃሌን ጠብቄያለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፀሐይ ዘንበል ስትል መኪናዬን ሸፍኜ በአጥሩ ዞሬ የቤቴን በር አንኳኳለሁ። ባል ሆኜ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ የመጀመሪያው ቂጣ ለእኔ ደርሶኝ አያውቅም፤ እንግዳ ስሆን ደረሰኝ። አልሃምዱሊላህ፣ አይከፋኝም።

ያን ዕለት ዝናቡ ሲያባራ ይማም ጭቃውን እያራገፈ ገባ። እሱን አልረሳችውም፤ የልጅነቷ ሰው ነው። «ይማሜ፣ ቀስ በል፣ እንግዳ አለብን» አለችው። ይማም መደቡ ላይ አየኝ። ልብስ የለወጠ ሙሽራ ይመስል የእሷን ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ተቀምጫለሁ። ዓይኑ ቀላ።

ጥቂት ተቀምጦ ተነሳ። «በይ ልሂድ። አትሸኚኝም?» አላት። እየፈተናት እንደነበር ገባኝ።

ሉባባ እኔን አየች፣ በሩን አየች። ተነሥታ ወደ ችካሉ ሄደችና ገመዱን አውርዳ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «ለጥጃህ ይሁንህ፣ ባዶ እጅህን ከቤቴ አትወጣም። ግን አልሸኝህም ወንድሜ፣ አትቀየመኝ። እንግዳ ጥዬ ወዴት እወጣለሁ?»

ይማም ገመዱን ጠቅልሎ ብብቱ ስር አድርጎ ወጣ። ሉባባ ከበሩ ተመልሳ ፊት ለፊቴ ቁጭ አለች፣ ባዶውን ሰሃን አየች፣ ፊቷ በሐዘን ተሸበሸበ።

«ውይ አፈር ስሆን» አለችኝ፣ «ይህን ሁሉ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ።»

ቢስሚላህ ብዬ እንደገና በላሁ።